ጠማማው ኪስ

ድሬዳዋ ላይ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ልብስ ይተፋል። ሰው ከአልጋው ተነስቶ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ ግድግዳው ይለካዋል፣ ከዚያ ስስ፣ ስፌት የሌለው፣ ልክክ ያለ ልብስ ከስንጥቁ ይወጣል። ስሙ ዕለቴ ነው። ማታ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። ያልመለሰው ሰው ካለ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያው ገላው ላይ ይሟሟል። መጀመሪያ አካባቢ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ጨዋታ አዘናግቷቸው ራቁታቸውን የቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ግን ሁሉም ሰዓቱን ለምዷል።

ዕለቴ ቁልፍ የለውም፣ ዚፕ የለውም፣ ኪስም የለውም። ያለው ኮሌታ ነው። ኮሌታው የለባሹን ጤና ይናገራል፤ ደህና ለሆነ አረንጓዴ፣ ለደከመው ቢጫ፣ ሕመም ለጠናበት አመድማ። ለሰው ደህንነት ነው ተባለ፤ ሐሰት አይደለም፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ቶሎ ይነሳል። ግን ሰው ሰላም ከመባባሉ በፊት አንገት አንገት ማየት ለመደ። ቆይቶ ደግሞ፣ በስብሰባና በድግስ ቦታ አመድማ ኮሌታ ያለው ሰው ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ የሚል ደንብ ወጣ፤ አምቡላንስ ቢመጣ እንዳይቸገር። ወንበሩ ምቹ ነው፣ ትራስም አለው።

ስንዱ ይህን ሁሉ አትወድም፤ አለመውደዷንም አትደብቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቤቷ ቀፊራ ገበያ ጀርባ ነው፣ ሥራዋ ዕለቴ ከመምጣቱ በፊት የተሰፋ ልብስ ፈልጎ ማግኘትና መጠገን ነው። ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ባወረደ ማግስት ፀሐይ ሳይበረታ ትወርድና አሸዋውን በዱላ ትወጋለች። ዱላው ለስለስ ያለ ነገር ሲነካ ልቧ ዘለል ይላል፤ ወይ ጂንስ ነው፣ ወይ የአንድ ዘመን ሰው ሸሚዝ ነው። ሽማግሌ ሲሞት ለቅሶ ትደርሳለች። ከልቧ ታለቅሳለች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ «የቆርቆሮ ሳጥን ነበረው ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዱ ይቀየማታል። እሷ ግን «እናንተ መልኩን ትረሱታላችሁ፣ እኔ ክርኑ የት ጋ እንደታጠፈ እንኳ አልረሳም» ባይ ናት።

የድሬ ሰው አሮጌ ልብስ የሚለብሱትን «ኪሳሞች» ይላቸዋል። ሲጀመር ስድብ ነበር። አሁን ኪሳሞቹ ራሳቸው ስሙን ወደውት፣ አርብ አርብ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይንጎራደዳሉ። ኪሳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ምንም የለም፣ ዋናው አለመታወቁ ነው።

ታዲያ እንዲሁ መልበስ አይቻልም። አሮጌ ልብስ ለብሶ ደጅ ለመውጣት ማኅተም ያስፈልጋል። ማኅተሙን የሚሰጠው የአሮጌ ልብስ መዝገብ ቤት ነው፤ እዚያ ያለው ማሽን ልብሱን ያነባል፣ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል፣ እውነተኛ አሮጌ ከሆነ ያትምበታል፤ የታተመበትን የለበሰ ሰው ኮሌታ አይጠየቅም። አስመስሎ የተሠራ ከሆነ መፍጫ ውስጥ ይገባል። ጥገና ይፈቀዳል፤ ለውጥ አይፈቀድም። ስንዱ በአርባ ዓመት ውስጥ ለመፍጫ የሰጠችው አንድም ልብስ የለም። ይህንን ሳትጠየቅ ትናገራለች፤ ለዳቦ ሻጩ ሁሉ ነግራዋለች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ አደም ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጎረቤቷ ነው፣ በቀልዱ ሰፈሩን የሚያስቅ ሰው ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ደጅ አይታይም።

«ስንዱ፣ አለሽ?»

«ግባ እንጂ! አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የት ልሄድብህ ነው?»

ገባ። ስንዱ ቀና ስትል አንገቱን አየች። አመድማ። ቶሎ ዓይኗን ወደ ፌስታሉ መለሰች።

«አየሽው አይደል?» አለ ጋሽ አደም እየተቀመጠ። «ሦስት ወሩ። ልብህ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ልብ ያለኝ አልመሰለኝም ነበር አልኳቸው፤ አልሳቁም።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ለማን እነግራለሁ፣ አንገቴ እየተናገረ?» ፌስታሉን ጭኑ ላይ አደረገው። «እሑድ ልጄን ሒክማን ልድራት ነው። ኒካሑ ላይ፣ ጋብቻው ሲታሰር፣ የሙሽራውን እጅ መያዝ ያለብኝ እኔ ነኝ። ትናንት የአዳራሹ ሰዎች የአቀማመጥ ሰሌዳ ላኩልኝ። ከበሩ ሥር አድርገውኛል። አጎቷ በእኔ ፋንታ ይቁም አሉ።»

ስንዱ መርፌዋን አስቀመጠች።

«የምደብቀው ነገር የለም» አለ። «ሒክማ ታውቃለች፣ እጮኛዋም ያውቃል፣ ቤተሰቡም ያውቃል። ብሞትም እሞታለሁ፣ ማን ቀርቶ! ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ሰው አንገቴን ሳይሆን ፊቴን አይቶ ሰላም ይበለኝ። ልጄን ቆሜ ልዳራት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ከፌስታሉ ያወጣው የአባቱን ጃኬት ነበር። አባቱ የባቡር ጥገና ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋራዡም የለም፣ እሳቸውም የሉም። ጃኬቱ ወፍራም ሰማያዊ ጥጥ ነው፣ የነሐስ ቁልፎች አሉት። ሳጥኑ መሬት ላይ ስለኖረ ጀርባውን ምስጥ በልቶታል፤ ክርኖቹ ሳስተዋል፣ የኮሌታው ጠርዝ ተበጣጥሷል። ስንዱ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደችና በብርሃን አገላብጣ አየችው። ፊቷ በራ።

«ሐሙስ ጠዋት መዝገብ ቤት አብረን እንሄዳለን» አለች። «እሑድ ደግሞ ሙሽራዋን ማን ያያታል፣ ሰው አንተን ሲያይ!»

«አቦ፣ ልጄን እንዳታስቀይሚብኝ» አለ ጋሽ አደም፤ ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ሦስት ቀን ሠራች። ከጃኬቱ የውስጥ እጥፋት ክር እየመዘዘች፣ ምስጥ የበላውን ቀዳዳ ሁሉ ክር በክር ሞላችው፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፈች፣ ልክ ሸማኔው እንደተወው አድርጋ። ክርኑን ከውስጥ በእራፊ ደገፈችው። ኮሌታውን ፈትታ ገለበጠችው፣ የተበላው ወገን ወደ ውስጥ ገባ። ረቡዕ ከሰዓት ተኩሳ ስትሰቅለው የጥገናውን ቦታ ራሷም ፈልጋ አጣችው። እሰይ፣ እጄ! አለች ለራሷ። ብቻዋን ስትሆን እጇን ማመስገን ልማዷ ነው።

ዓይኗ ኪሱ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። ግራ ደረቱ ላይ ያለ አንድ ኪስ፣ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ በወፍራም ክር የተሰፋ። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ጆንያ የሚሰፋ ሰው እንኳ ያፍርበታል። «ይሄን የሰፋው ሰው እጅ አልነበረውም እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። አንድ ደንባራ ጠጋኝ በኋላ የለጠፈው መሰላት። እንዲህ ካለ ሥራ ጋር በአንድ ጃኬት ላይ መታየት ደግሞ አልዋጥ አላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፤ ኪሱ አልተቀደደም፣ ማንም አላማረረም፣ ጋሽ አደምንም አልጠየቀችውም። ተረተረችው። አሮጌውን ክር ጠርጋ ጣለች፣ የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ እየዳበሰች ደፈነች፣ በእንፋሎት ተኮሰችበት፣ ከዚያ ኪሱን ቀጥ አድርጋ ሰፋችው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ አደም መጥቶ ጃኬቱን አየ። ጀርባውን ዳሰሰ፣ ክርኑን ዳሰሰ። ኪሱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆም አለ።

«ምነው?» አለች ስንዱ።

«ምንም። አማረ» አለ።

መዝገብ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ከውጪው ሙቀት የገባ ሰው ያስነጥሰዋል። ወደ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ጋሽ አደም ሰልፉ ውስጥ ሲገባ ከፊትም ከኋላም ያሉት በትሕትና ሁለት ሁለት ርምጃ ፈቀቅ አሉ። መስኮቱ ላይ ያለችው መዝጋቢ ረድኤት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ከአዲስ አበባ ተዛውራ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ለሰው ሁሉ «እርስዎ» ትላለች። ለሽማግሌም ለሕፃንም «አንተ» ባይ የሆነው የድሬ ሰው «እርስዎ» ሲባል ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል።

«እርስዎ ነዎት ባለቤቱ?» አለች።

ጋሽ አደም ዞር ብሎ አየ። «እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ጃኬቱ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ብርሃን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ስንዱ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቆማለች። የማሽኑ ድምፅ ለስላሳ ነው፣ የሴት ድምፅ ነው።

«ጨርቁ ተመሳስሏል። ቁልፉ ተመሳስሏል። ኪሱ አልተመሳሰለም። አስመስሎ የተሠራ።»

ስንዱ የሰማችውን አላመነችም። «ምን አለች ይቺ? እንደገና አስነብቢው!»

ረድኤት እንደገና አስነበበችው። ያው ነው። ከዚያ ማያዋን ወደ ራሷ አዞረችና መዝገቡን ማንበብ ጀመረች።

«የባቡር ጥገና ጋራዥ የሥራ ልብስ። አራት መቶ ጃኬት ተሰፍቶ ታደለ። ያለ ኪስ።»

«ያለ ኪስ?» አለ ጋሽ አደም።

«ኪስ ካላቸው ዕቃ ይሰርቃሉ ተብሎ ነው የሚለው። ሠራተኞቹ ግን ሌቦች አይደለንም ብለው፣ እያንዳንዱ የራሱን ኪስ በገዛ እጁ ሰፋ። ፍቱ ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ተቀጡ፣ አልፈቱም።» ረድኤት ቀና አለች። «መዝገባችን ላይ ያሉት ጃኬቶች ሁሉ ኪሳቸው ጠማማ ነው፣ ልብስ ሰፊ ባልሆነ ሰው የተሰፋ። የእርስዎ ግን ቀጥ ያለ ነው።»



ጋሽ አደም ቀስ ብሎ ወደ ስንዱ ዞረ። «አባቴ ናቸዋ የሰፉት» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ጋሽ አደም… አፈር ስሆን… እኔ እኮ አንድ ደንባራ ጠጋኝ የለጠፈው መስሎኝ…» የሟች እጅ ነው የተረተረችው። ለሌብነት ስድብ የተሰጠ መልስ ነበር፣ እሷ ግን ጠርጋ ከቆሻሻ ጋር ደፋችው። የምትኮራበትን እጇን እንደዚያ ቀን ጠልታው አታውቅም።

«አቦ ተይው፣ አላወቅሽም» አለ ጋሽ አደም። ዓይኑ ጃኬቱ ላይ ነው። «እኔም ሳየው የሆነ ነገር የጎደለ መስሎኝ ነበር። ልናገር አፈርኩ።»

ስንዱ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ድሮ የተሰፋበትን ቀዳዳ እዪው፣ ከሥሩ አለ!»

ረድኤት በማሽኑ ፈለገች። ምንም የለም። ስንዱ ቀዳዳውን ከመጠን በላይ ደፍናዋለች። እንዲህ ዓይነት ሥራ ስትሠራ ሰው ያደንቃት ነበር፤ ዛሬ ሙያዋ ራሱ መሰከረባት።

«ባለቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ማረም ይችላል» አለች ረድኤት ደንቡን ከማያዋ እያነበበች። «ከስድስት ሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ ዝግ ነን። ያልታተመው ወደ መፍጫው ይገባል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሁን አራት ሰዓት ከሃያ ነው፣ እማማ።»

ስንዱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከቦርሳዋ መርፌና ወፍራም ክር አወጣች። ጠማማ መስፋት ምን አላት! ኪሱን ፈታችው፣ አዘነበለችው፣ አንዱን ረጅም፣ አንዱን አጭር እያደረገች ሰፋችው። ጠማማ ነው፣ ያስጠላል። ማሽኑ ውስጥ አስገቡት።

«የሠለጠነ እጅ። ሆን ተብሎ የተጣመመ። አልተመሳሰለም።»

ሰልፉ ላይ ያለ አንድ ሰው ሳቀ። ስንዱ በዓይኗ ገላመጠችውና እንደገና ፈታችው። አሁን መርፌውን በግራ እጇ ያዘች። ላብ በላብ ሆነች፣ በዚያ ብርድ።

«የሠለጠነ እጅ። አልተመሳሰለም።»

«በግራ እጇም!» አለ ያ ሰው፤ አሁን አልሳቀም። ስንዱ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ኩራት ቢጤ ሽው አለባት፣ ወዲያው አፈረችበት። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዓይኗን ጨፍና ብትሰፋስ ብላ አሰበች፤ ብትጨፍንም እጇ መንገዱን ያውቃል። ከዚያ ቀና ስትል ጋሽ አደም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከልቡ መድኃኒት ነው ተብሏል።

«ና ቁጭ በል» አለችው።

«እኔ? በሕይወቴ መርፌ ይዤ አላውቅም እኮ!»

«አባትህስ ይዘው ያውቁ ነበር?»

ጋሽ አደም ግድግዳውን ለቀቀ። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ክሩን አስገባችለት፣ ጫፉን ቋጠረችለት። ኪሱን ደረቱ ላይ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ጎበጥ አለ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ መርፌውን እንደ ሚስማር ጨብጦ ወጋ። የመጀመሪያው ስፌት ሊያልቅ ሲል እጁ ዘለለና ጣቱን ወጋው። ከአመድማው ኮሌታ ድምፅ ወጣ፤ «ጉዳት ተመዝግቧል። እርዳታ ይፈልጋሉ?»

«ዝም በል አንተ!» አለ ጋሽ አደም ለኮሌታው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሁለት ርምጃ ፈቀቅ ብለው የነበሩት ሳያውቁት ቀስ በቀስ ተጠግተው፣ አሁን ከበው ያያሉ። አንዲት ሴት «ወደ ታች፣ ወደ ታች ውጋው!» እያለች ታስተምረዋለች፤ እሷም መርፌ አይታ አታውቅም።

ስንዱ አጠገቡ ሆና እጇን በእጇ ይዛለች። ክሩ ሲላላ ታያለች፣ ስፌቱ ሲሮጥ ታያለች። በአርባ ዓመት ሥራዋ እንደዚያ ቀን ዝምታ የከበዳት ጊዜ የለም። ሁለት ጊዜ ጣቷ ወደ ጨርቁ ሄደና መልሳ ሳበችው።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሲል ጋሽ አደም ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ኪሱ ወደ ግራ ዘምሟል፣ አንዱ ጥግ ተሸብሽቧል። ረድኤት ጃኬቱን በሁለት እጇ ተቀብላ ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። ብርሃኑ ወረደ፣ ኪሱ ላይ ቆየ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ቆየ።

«ያልሠለጠነ እጅ» አለ ማሽኑ። «ተመሳስሏል።»

ማኅተሙ ሲመታ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ረድኤት ሥራዋን ረስታ ቆማ ታጨበጭባለች። ጋሽ አደም ጃኬቱን አልታቀፈም፤ እዚያው ለበሰው፣ እጁን ወደ ደረቱ አንስቶ ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። ስንዱ አለቀሰች። ብርዱ ነው አለች፤ ማንም አላመናት።

እሑድ አዳራሹ በር ላይ ያለው መቆጣጠሪያ የጋሽ አደምን ኮሌታ ፈልጎ አጣ፣ ማኅተሙን አይቶ አሳለፈው። ሰው ሁሉ አንገቱን ሊያይ ይጀምራል፣ የሚያየው የአንድ ዘመን ሰማያዊ ጨርቅ ይሆንበታል፣ ከዚያ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ፊቱን ያያል። «ጋሽ አደም! እንዴት ነህ?» ይላል። እሱም «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ደግሞ ደህና ይመስላል። ሒክማ አባቷን በዚያ ጃኬት ስታየው የተቀባችው ኩል እንዳይፈስ ሽቅብ ወደ ጣሪያው አየች። ኒካሑ ሲታሰር ቆሞ የሙሽራውን እጅ ያዘ። ድምፁ እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰማ።

ምሳ ሲቀርብ የሙሽራው አክስት ዘይነባ ሳህኗን ይዛ ስንዱ አጠገብ መጣች። ምላሷ ስለታም ነው የምትባል ሴት ናት፤ ሳትፈትሽ የምታልፈው ነገር የለም።

«አንቺ ነሽ አሉ ጃኬቱን የጠገንሽው» አለች። «ጀርባውን ምስጥ በልቶት ነበር ሲሉኝ አልዋሻችሁም ወይ ብዬ ሄጄ ዳሰስኩት። ቦታውን አጣሁት። አጀብ ነው፣ እጅሽ ይባረክ!» ከዚያ ወደ ጋሽ አደም አየች። ሕፃናት ከበውት ተራ በተራ እጃቸውን ኪሱ ውስጥ እያስገቡ ይንጫጫሉ። ዘይነባ ከንፈሯን መጠጠች። «ኪሱን ግን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?»

ስንዱ ሳህኗን አስቀመጠች። አንገቷን ቀና አደረገች።

«ያበላሸሁትስ እኔ ነበርኩ» አለች፣ አጠገቧ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ያቃናው እሱ ነው።»